ጎደሎ በርሜል

ድምፅ ማጉያ የጫነችው መኪና በሰፈሩ ስታልፍ አረፋ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ነበር፤ እጁ ብርጭቆው አፍ ላይ ቀረና ዳቦው ርሶ ተቆረጠ፣ ሰመጠም። «ከፋብሪካው የወጣ አረፋ በቤታችሁ ያላችሁ ነዋሪዎች!» ይላል ድምፁ፤ የሴት ድምፅ ነው፣ ለሰርግ የምትጠራ ነው የምትመስለው። «ንብረትነቱ የፋብሪካው ስለሆነ ዛሬ ከምሳ ሰዓት በፊት በዋናው በር እንድትመልሱ! በፈቃዱ የመለሰ አይጠየቅም! ያልመለሰ በስርቆት ይጠየቃል! ለዘመድ አዝማዱ አረፋ ያወጣ ሠራተኛ ካለ ከሥራው ይሰናበታል!» መኪናዋ ማዕዘኑን ዞረችና ለቀጣዩ መንደር እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጓሮ ያለውን በርሜልና ትልቁን ብረት ድስት የምታሳይ አንዲት መስኮት። እህቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አረፋ አላያትም፤ እሷም አላየችውም፤ ሁለቱም መስኮቷን አዩ። ልጁ ሚጣ ብቻ፣ ጆሮዋ ስለታመመ ነገሩ ሁሉ አልፏት፣ «ዳቦህ ሰመጠ አባዬ!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ ሹክ ማለት አታውቅም። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ የምትናገረውን ሁሉ ሰፈሩ ይሰማላታል።

አረፋ ስሙ አይደለም፣ ሥራው ነው። ፋብሪካው እንጨት ከትክቶ በኬሚካል ይቀቅልና ቃጫውን ለወረቀት ይወስዳል፤ የሚተርፈው ጥቁር፣ ዝልግልግ፣ የገማ እንቁላል የሚሸት ውሃ ነው። ያ ጥቁር ውሃ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ሲያርፍ፣ ወተት ላይ ቅባት እንደሚሰፍረው ሁሉ፣ ቡናማ ቅባታም አረፋ ይሰፍርበታል። እሱን በረጅም መቅዘፊያ ከላይ ከላይ የሚገፍፈው ሰው ነው አረፋ። ጥርሱን የነቀለበት ሥራ ነው፤ በቀን ሠራተኝነት ገብቶ በቀን ሠራተኝነት ፀጉሩ ሸበተ። ሽታው ከቆዳው አይለቅም። ታክሲ ውስጥ ሲገባ አጠገቡ ያለው ሰው መስኮት ይከፍታል፣ እሱም «ይቅርታ» ማለት ከተወ ቆየ።

ይህ አረፋ በፊት ለፋብሪካው ጠላቱ ነበር። ቧንቧ ይደፍናል፣ ቦይ ይዘጋል፣ ቢያቃጥሉት ያስቸግራል፣ ቢደፉት ወንዙ ይቆጣል። የድሮው ሥራ አስኪያጅ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በጓሮ በር ቆሞ «ኧረ በእናታችሁ ውሰዱልን!» ብሎ ሲለምን ሰፈሩ በሙሉ አይቷል። ሴቶቹ ወሰዱለት። በጋሪ እየጫኑ ወሰዱት፣ ቀቀሉት፣ እንዲረጋ ጨው መቱት፣ አጠቡት፣ እየቆረጡ አደረቁትና የልብስ ሳሙና አደረጉት። የዚህ ከተማ ግማሽ አንሶላ የታጠበው በዚያ ሳሙና ነው። ከሁሉም የአረፋ እህት ሳሙና ይመረጥ ነበር፤ እጅ አያሳክክም፣ አይሰነጠቅም። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ እሱን ያሳደገችው በዚያው ድስት ነው፤ አሁን ደግሞ የልጁ እናት በሌላ ከተማ ሆስፒታል በጽዳት ተቀጥራ በወር አንዴ ስለምትመጣ ሚጣን የምታሳድገው በዚያው ድስት ነው። ታዲያ ባለፈው ዓመት ከፋብሪካው ጎን የሚያብረቀርቅ ቧንቧ የተጠላለፈበት አዲስ ግቢ ተተከለ። አረፋው ዘይት ይሆናል፣ ዘይቱ የመኪና ነዳጅ ይሆናል፣ የተረፈው ደግሞ ሙጫና ቀለም ይሆናል ተባለ። አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ሰሌዳም ቆመ። ደግ ነገር ነው፣ ማን ይጠላል? ጭሱ ይቀንሳል፣ ወንዙም ይተነፍሳል። ግን እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል፤ ትናንት «ውሰዱልን» ያሉትን ዛሬ «ሰረቃችሁ»! አይ ጊዜ!

«ያለኝ ግማሽ በርሜል ነው፣» አለች እህቱ፣ አሁንም ወደ መስኮቷ እያየች። «ሌላውን ቀቅዬዋለሁ።»

«ያለውን መመለስ ነዋ እትዬ፤ ማን ይለካዋል?»

«የሰው ንብረት ጎደሎ ይመለሳል እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ!» አለና ጫማውን መፈለግ ጀመረ። እሷ ግን ጫማውን ቀድማ አንሥታ ያዘችበት። «እኔ በርሜሌን ይዤ ስመጣ አታውቀኝም። እኔም አላውቅህም። ‹ለዘመድ አዝማዱ› ያለችውን ሰምተሃል፤ ዛሬ ደግሞ ቋሚ የሚሆኑትን የሚመርጡበት ቀን ነው። ሰማህ?» «እትዬ ደግሞ…» «ሰማህ ወይ ነው ያልኩህ?» ሰማሁ አላት። እንዴት አይሰማ! ሚጣ ጆሮዋ መግል ማፍሰስ ከጀመረ ሰንብቷል፤ ሐኪሙ ካልተቀደደ፣ ማለት ኦፕራሲዮን ካልሆነ፣ ጨርሶ ይደፈናል ብሏል። የቋሚ ሠራተኛን ልጅ ፋብሪካው በራሱ ክሊኒክ በኩል ያሳክማል፤ የቀን ሠራተኛን ልጅ ግን በር ላይ ይመልሳል። ከዚያ አዲስ ግቢ አንድ ቋሚ ቦታ ማግኘት ማለት ለአረፋ ልጁ መስማቷ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ጫማውን አጠለቀና የልጁን ራስ ዳስሶ ወጣ።

አዲሱ አለቃ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን መናገር ያስፈልጋል። ከሩቅ የመጣ፣ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ የማያውቅ፣ ሲናገር እጁን ትከሻ ላይ ጣል የሚያደርግ ጎልማሳ ነው። ዋናው በር ላይ ወንበር አስቀምጦ አረፋን ጠራውና «ተረካቢው አንተ ነህ። ከአንተ በላይ ይህን ነገር የሚያውቅ የለም አሉኝ። ዛሬ ሥራህን አያለሁ፣» አለው። የላቦራቶሪዋ ልጅ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ቀጭን ሴት፣ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችው፤ ጨው የነካው እንዳያልፍ። ኋላ አሲድ ሲገባበት ጨው ብረቱን ይበላዋል፤ ያ ሁሉ አዲስ ቧንቧ ወንፊት ይሆናል። አረፋ ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ብብቱ በርሜል ውስጥ ይከትና ከሥሩ ጭብጥ አድርጎ ያወጣል፤ ጥሬው እንደ ተልባ ያንሸራትታል፣ ጨው የተመታው ግን ጣት መሀል እንደ እርጥብ አሸዋ ይሻክራል። ጥሬውን «ይለፍ» ይላል፣ የሻከረውን ወደ ጎን ያስቆማል።

ጋሪው ተሰልፏል። ሴቶቹ አንዳንዶቹ ይሳደባሉ፣ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፣ አንዷማ በርሜሏን ከማስረከቧ በፊት እንደ ሬሳ ሳብ አድርጋ ስማው ሰዉን ሁሉ አሳቀች። እህቱ የመጣችው ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ነው። የቤተ ክርስቲያን ሻርፗን አድርጋለች፤ ባለጋሪው በርሜሉን ሲያወርድ እሷ ቀጥ ብላ ቆመች። «እንደምን ዋሉ ጌታዬ፣» አለችው። «ተረካቢው እርስዎ ነዎት?»  በሕፃንነቱ አፍንጫውን በቀሚሷ ጫፍ የጠረገችለት ሴት ናት አሁን «ጌታዬ» የምትለው። የበሩ ሽማግሌ ዘበኛ፣ ሁለቱንም ከልጅነታቸው የሚያውቅ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ ደመና ያያል። አለቃው ከኋላ ቆሟል። «እኔ ነኝ፣» አለ አረፋ።

እጅጌውን ሰበሰበ። በርሜሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሙሉ ነው። ጠዋት ግማሽ ነበር፤ ያንን ያውቃል። ሻርፗ ላይ ቢጫ የሳሙና ፍርፋሪ አለ፤ እሱንም አይቷል። ግን ዓይን ማየቱ ብቻውን ምን ያደርጋል፣ ልብ ካላየ! ልቡ ያየው ሌላ ነገር ነው። የሁሉንም በርሜል እስከ ብብቱ ገብቶ ፈትሿል፤ የእሷን ለመፈተሽ ክንዱን ሲዘረጋ ግን እናትን አቁሞ ኪሷን እንደ መበርበር ሆነበት። ሰው እያየ፣ እሷ «ጌታዬ» እያለችው፣ ሌባ ናት አይደለችም ብሎ እጁን ሊከት? አፈረ። በጣቱ ጫፍ ላዩን ብቻ ነካ አደረገ፤ ላዩ ያንሸራትታል። «ይለፍ፣» አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣» አለችና ዞር ብላ ሳታይ ሄደች። በርሜሉ ከሌሎቹ ጋር ወደ አዲሱ ግቢ ተወስዶ ዋናው ገንዳ ውስጥ ተገለበጠ።

ከምሳ በኋላ የላቦራቶሪዋ ልጅ ብልቃጥ ይዛ እየሮጠች መጣች። ገንዳው ጨው አለበት፤ አንድ በርሜል ሙሉውን አበላሽቶታል፤ በሙሉ መደፋት አለበት። ማሽኑ ቆመ። ከከተማ ትልልቅ ሰዎች ሊያዩ የመጡበት ቀን ስለነበረ ጉዱ በአደባባይ ሆነ፤ አለቃው ፊቱ አመድ መስሎ አረፋ ዘንድ መጣ። «ሁሉንም ፈትሸሃል?» አለው። እዚህ ላይ ነበር። እዚህ ላይ «አንዱን አልፈተሽኩም፣ አፍሬ ነው፣» ቢል ኖሮ ምናልባት ይቆጡት ነበር፣ ምናልባት ያባርሩት ነበር፣ ነገሩ ግን ስህተት ሆኖ ይቀር ነበር። አረፋ ቢጫው ፍርፋሪ ዓይኑ ላይ መጣበት፤ «የሰው ንብረት ጎደሎ ይመለሳል እንዴ» የሚለው ድምፅ ጆሮው ላይ መጣበት። አሁን ገባው። የጎደለውን ልትሞላ ለገበያ ያደረቀችውን ሳሙና ፈቅፍቃ በርሜሉ ውስጥ ከታዋለች። ወይ እህቴ! «ሁሉንም ፈትሻለሁ፣» አለ።

«እስከ ሥሩ?»

«እስከ ሥሩ።»

አለቃው አመነው፣ ማመኑም ነው ጣጣውን ያመጣው። «እንግዲያው ስህተት አይደለም፣ ተንኮል ነው። አንተ እንዳታገኘው አድርጎ ደብቆበታል አንዱ። መኪና ውስጥ ግባ፤ ሳሙና የሚያበስሉትን ቤቶች አንተ ታውቃቸዋለህ።» መኪናው አዲስ ነው፣ ወንበሩ ላይ ላስቲኩ ገና አልተነሣም፤ አረፋ ሽታው እንዳይጋባ ዳር ላይ ተቀመጠ። ሩቅ ሩቁን ቤት እየመረጠ አሳየ። የመጀመሪያዋ ሴት ማለች፣ ሁለተኛዋ ተሳደበች። «በቃ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም፣» አለ አረፋ። መኪናው ሲመለስ ግን መንገዱ በራሱ ሰፈር ነበር፤ አለቃው በተከፈተው የጓሮ በር በኩል ድስቱን አየና «አቁም!» አለ ሹፌሩን። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

እህቱ ድስቱን ገልብጣ እያጠበች ነበር። አለቃው በትሕትና ነው የጠየቃት፤ «እናቴ፣ ዛሬ በመለሱት በርሜል ውስጥ ጨው ነበረበት?» አለ። እሷም ልትመሰገን የተጠራች መስሏት ፊቷ በራ። «ያለ ጨው ሳሙና ይረጋል እንዴ ልጄ? ግማሹን ተጠቅሜበት ነበር። የሰው ንብረት ጎደሎ አይመለስም ብዬ ያለቀለትን፣ የደረቀውን፣ ጥሩ ጥሩውን ፈቅፍቄ ከሥር አድርጌ ሞላሁላችሁ። አንድም አላስቀረሁ!» አለቃው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ሳሙናዎን ፈቅፍቀው!» ይላል፣ ደግሞ ይስቃል። አረፋም ነገሩ በሳቅ ሊያልፍ ነው ብሎ ትንፋሹን ለቀቀ። ያኔ ነው የአለቃው ሳቅ መሀል ላይ ቆሞ ጭንቅላቱ ወደ አረፋ የዞረው። «ቆይ፣ ቆይ። ይህ ሰው እስከ ሥሩ ፈትሻለሁ ብሎኛል። ፈቅፍቀው ከሥር ከሞሉት እጁን ሲከት እንዴት አጣው? ወይ እሱ ዋሽቶኛል፣ ወይ እርስዎ ደብቀዋል።»

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገር ሰው፤ ይህን ያለው ሰው ግን ያን ሰዓት አረፋ አፍ ውስጥ አልነበረም።  እህቱ አንዴ አየችው፤ ጠዋት መስኮቷን ባየችበት ዓይን ነው ያየችው፤ ከዚያ ወደ አለቃው ዞረች። «እሳቸው ፈትሸዋል፣» አለች። «እስከ ብብታቸው ነው የከተቱት። እኔ ነኝ በጨርቅ ጠቅልዬ ከሥር የደበቅሁት።»

«ደብቀው?» አለ አለቃው፣ ፊቱ ሌላ ሆኖ። «ለምን?»

«ተናድጄ። እንጀራዬን ወሰዳችሁብኛ።»

«ይህን ሰው ያውቁታል?»

«ከየት አውቃቸዋለሁ?»

በዚህ መሀል ሚጣ ከቤት ብቅ አለች። አባቷን በዚህ ሰዓት ግቢ ውስጥ አይታው አታውቅም፤ ፊቷ በሙሉ ጥርስ ሆነና እጇን ዘርግታ ሮጠች፣ አፏንም ከፈተች። እህቱ ከአረፋ ቀድማ ደረሰች፤ ልጅቷን ጎተት አድርጋ ፊቷን ቀሚሷ ላይ ለጠፈችው። አንዲት የታፈነች ድምፅ ብቻ ተሰማች። «ልጅዎ ናት?» አለ አለቃው። «የኔ ናት፣» አለች እህቱ። «ሰው ስታይ ትጮኻለች፣ ጆሮዋን ያማታል።» አረፋ እጁ በራሱ ተነሥቶ ነበር፤ ምን እንደሚያደርግበት ስላጣ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሹፌሩና አለቃው ድስቱን ለሁለት አንሥተው መኪናው ላይ ጫኑት፤ ማስረጃ ነው ተባለ። ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ እንድትቀርብ ተነገራት። «እቀርባለሁ፣» አለች።

 መኪናው ውስጥ አለቃው እጁን እንደ ልማዱ አረፋ ትከሻ ላይ ጣል አደረገና «ተጠራጥሬህ ነበር፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣» አለ። «ታማኝ ሰው ነህ። ከነገ ጀምሮ ቋሚ ነህ። ሴትዮዋ ላይ የምትመሰክረው አንተ ነህ፤ ያየኸውን ብቻ ትናገራለህ። ቤተሰብ አለህ? ልጆች ካሉህ ነገ ይዘሃቸው ና፣ ክሊኒኩ ያያቸዋል። እኔው ራሴ እወስዳችኋለሁ።»

አረፋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። አረንጓዴ ቅጠሉ ያለበት ሰሌዳ አለፈ፣ የዳቦ ቤቱ ሰልፍ አለፈ። ሚጣን ነገ በእጇ ይዞ በዚህ ሰው ፊት ሲቆም ታየው። አለቃው እጇን ዘርግታ ስትሮጥ አይቷታል፤ ያንን በሙሉ ጥርስ የሆነ ፊት አንዴ ያየ አይረሳም።  «የለኝም፣» አለ። «ብቻዬን ነኝ።» «ገና ነህ፣ ይመጣል፣» አለ አለቃው ለማጽናናት።

ሲመሽ ወደ ቤቱ የሄደው በጓሮ ነው፣ የድሮው ሥራ አስኪያጅ አረፋውን በጋሪ ያስጭን በነበረበት ቀጭን መንገድ። ማንም አላዘዘውም፤ እግሩ ነው የመረጠው። ድስቱ የነበረበት ቦታ ላይ ሦስት የጠቆሩ ድንጋዮች ቀርተዋል። በሩን ገፋ ሲያደርገው ተቀርቅሯል፤ እህቱ «ማነው?» ብላ ካረጋገጠች በኋላ ነው የከፈተችለት። እጁን ሊታጠብ ጎንበስ ሲል ሳሙና ማስቀመጫው ባዶ ነው። በዚህ ቤት ሳሙና ጠፍቶ አያውቅም ነበር። «ሁሉንም መልሻለሁ፣ ነገ ከሱቅ እገዛለሁ፣» አለችና ውሃ አፈሰሰችለት። በውሃ ብቻ ታጠበ፤ ሽታው እንዳለ ነው።

እራት ቀረበ። ሚጣ አልጋው ጥግ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ታያቸዋለች፤ አልመጣችም፣ አልተጠመጠመችበትም። 

«ቋሚ አደረጉህ?» አለች እህቱ።

«አደረጉኝ።»

«ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» ቀኑን ሙሉ ያልወጣ እንባ አሁን መጣባት፤ በመዳፏ ጠረገችው። «የኔ ነገር አያስጨንቅህ፣ የአሮጊት ጉዳይ ነው፣ ቢቆጡኝ ነው። ዋናው የልጅቷ ጆሮ ነው። መቼ ነው ታዲያ ክሊኒክ የምትወስዳት?»

አረፋ ማንኪያውን አስቀመጠና ወደ ሚጣ አየ።  እህቱ መጀመሪያ አልገባትም፤ መልስ ጠብቃ አየችው፣ ደግማ አየችው። ከዚያ «የኔ ናት» ያለችው ቃል ትዝ አላት መሰል፣ ማንኪያዋ ሳህኑ ላይ ዝግ ብሎ ወረደ።  ምን ይባላል? እሱ እሷን ለማዳን ዋሸ፣ እሷ እሱን ለማዳን ዋሸች፣ ሁለቱም የዋሹላት ልጅ እዚያ አልጋ ጥግ ተቀምጣ ጆሮዋን እያከከች ነው።

ሚጣ ደግሞ ዝምታው ሰለቻት። መኪናው ከሄደ በኋላ እትዬ የሰጠቻትን ትእዛዝ በልቧ ስታጠና ነበር የዋለችው፤ በእርግጥም ጎበዝ ልጅ ናት፣ አንዴም አልተሳሳተችም። አሁን ግን አንገቷን አስግጋ በሩን አየች፣ ጓሮውን አየች፣ ከሦስቱ በቀር ማንም እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ፣ ሹክ ያለች መስሏት፣ በዚያች ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማት ድምፅዋ ጠየቀች።

«እትዬ! አሁን አባዬ ልበለው?»

አረፋ ከመቀመጫው ብድግ አለ። እህቱ ግን ወደ ልጅቷ አልሄደችም፤ ፈጥና ሄዳ መስኮቷን ዘጋች።